ክብርት እትዬ መስኮት ሦስት

ሰዎች አገራቸውን ለቀው በጊዜያዊ ፈቃድ በሚሠሩበት ከተማ ሁሉ፣ ማንም ሳይሾማት ራሷን የሾመች አንዲት ሴት አለች። የለችም የሚል ካለ፣ ወይ ትናንት የገባ ነው፣ ወይ ጉዳዩ አልቆለት ውለታዋን የረሳ ነው። የመኖሪያ ፈቃድ መሥሪያ ቤቱ የትኛው በር ቀድሞ እንደሚከፈት፣ የትኛው ዘበኛ ፊቱን እንደሚያጠቁር፣ የትኛዋ ሠራተኛ ምሳ ሰዓት ሲቃረብ እንደምትነጫነጭ፣ ፎቶ ስንነሳ ጥርስ ማሳየት እንደማይፈቀድ የምታውቀው እሷ ናት። ቋሚ መኖሪያ ፈቃድ ለመጠየቅ ያሰበ ሰው ከፈጣሪው ቀጥሎ ለእሷ ይነግራል። ቸኩሎ መጀመሪያ ለእሷ የሚነግርም አይጠፋም።

አንድ የአገራችን ኤሌክትሪሻን ቤት የተጋራው ከእንዲህ ዓይነቷ ሴት ጋር ነበር። እናቷ ያወጣችላት ቆንጆ ስም አላት፤ ግን ከምትሠራበት ሆቴል በቀር በዚያ ስም የሚጠራት የለም። ለኤሌክትሪሻኑም፣ አብረዋቸው ለሚኖሩት ሹፌርና ሞግዚትም፣ ከጎማ መሸጫው በላይ ባለው በዚያው ፎቅ ለሚኖረው የአገሯ ልጅ ሁሉ እትዬ መስኮት ሦስት ናት። ዕለቱ እሑድ ከሆነ ደግሞ "ክብርት" የሚለው ይጨመርላታል።

ስሙ የመጣው ከመሥሪያ ቤቱ ነው። እዚያ በመስታወት የተከለሉ መስኮቶች ተደርድረዋል፤ ከሁሉም የሚፈራው ሦስተኛው ነው። ከኋላው የሚቀመጠው ሽበታም፣ ሪዛም ሹም ጥያቄ ከመጠየቁ በፊት ጉሮሮውን ይጠርጋል። መልሱ ካልጣመው በእስክሪብቶው ጠረጴዛውን ኳ ኳ ያደርግና "ተሳስተዋል፤ እንደገና ይመልሱ" ይላል። እትዬ ሰው ስታጅብ ስታጅብ፣ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ሰውየውን ስታጠና ስታጠና፣ ጉሮሮ መጥረጉንም ማንኳኳቱንም ወረሰችው። ሪዙ ብቻ ነው የቀራት።

እሑድ ከምሳ በኋላ የጋራው ወጥ ቤት ችሎት ይሆናል። ድስቱ ከምድጃው ይወርዳል፣ ጠረጴዛው ይወለወላል፣ ክብርት ማቀዝቀዣውን ተደግፋ ትሰየማለች። የአመልካቹ ወንበር አንድ እግሩ አጭር ነው። ኤሌክትሪሻኑ ገና በገባ ሰሞን፣ ሙያው አላስችል ብሎት፣ ቁራጭ ጣውላ ይዞ ሊያስተካክለው ሲያጎነብስ እጁን በማማሰያ መታችው።

"ተወው። ፈርቶ የሚቁነጠነጠውን ሰው ይህ ወንበር ያጋልጠዋል። ሳይነቃነቅ መቀመጥን እዚህ ይልመድ።"

እናም ሁሉም ለመደ። ሁለት መዳፍ ጉልበት ላይ፣ ወገብ ቀጥ፣ አንድ ረጅም ትንፋሽ፣ ከዚያ በኋላ መልስ። ከዚህ ሥርዓት ያፈነገጠ ሰው እንደገና ከበር ጀምሮ ይገባል።

ጥያቄውን የምታቀርበው በአገሩ ቋንቋ፣ በአንቱታ ነው። "እዚህ አገር ሲከለክሉህ እንኳ አክብረው ነው" ትላለች። ቁጣው ግን በእኛው ነው፤ ሲቆጡበት የሰው ቋንቋ እንደማይመች የታወቀ ነው።

ሹፌሩን ለምሳሌ እንውሰድ። ሰላምታ አያልቅበትም። "ሙሉ ስምዎ?" ስትለው፣ "እንደምን ዋሉ? ቤተሰብ እንዴት ነው? ሥራስ እንዴት ይዞዎታል?" ብሎ ይጀምራል።

"ሰውየው ዘመድህ ነው?"

"ኧረ እትዬ፣ ሰላም ሳይባል እንዴት ወደ ስም ይገባል?"

"የጠየቀህ ስምህን ነው። ቤተሰቡ ከታመመ ሐኪም አለለት። የተጠየቅኸውን ብቻ መልስ።"

ይህች "የተጠየቅኸውን ብቻ" የምትለው ነገር የሕገ መንግሥቷ አንቀጽ አንድ ናት። ሹፌሩ ስሙን ብቻ ተናግሮ ዝም ማለት እስኪችል ድረስ ስንት እሑድ አለፈ። ዛሬም ቢሆን ስሙን ከተናገረ በኋላ ከንፈሩ ለብቻው ሲንቀሳቀስ ይታያል፤ በሆዱ ሰላምታውን እያደረሰ ነው።

ሞግዚቷ ደግሞ "የት ይኖራሉ?" ስትባል ከዚህ ቀደም ከኖረችበት ቤት ትጀምርና፣ እቃዋን ደጅ ያወጡባት አከራይ ጋ ስትደርስ እንባዋ ይቀድማታል። እትዬ ከቁብ አትቆጥረውም። ሽንኩርትና ቢላ ታቀብላትና፣ "አልቅሰሽ እዚሁ ጨርሺው፤ እዚያ አድራሻሽን ነው የሚፈልጉት" ትላታለች። አንድ ጊዜ የሰው እንግዳ ሆኖ የመጣ ሰውዬ፣ ሳህን አጣቢ መሆኑን ደብቆ "ወጥ ሠሪ ነኝ ብልስ?" ብሎ ቢያማክራት በኮሌታው ይዛ ከወንበሩ አስነሣችው። ውሸት በችሎቷ የለም። "ሳህን አጣቢ ነኝ በል፤ ሳህን ሳይታጠብ የሚበላ አገር የለም" አለችው። ሰውየው እንደተባለው ብሎ ፈቃዱን አግኝቷል፤ እስከ ዛሬም በየበዓሉ እየደወለ ይመርቃታል።

ኤሌክትሪሻኑን ያስቸገረው ሌላ ነገር ነበር። እሱ ሲፈጥረውም ቁጥብ ነው፤ አያስረዝምም፣ አያለቅስም። ወንበሩም ከእሱ ሥር ጸጥ ይላል። እትዬም ገና በመጀመሪያው እሑድ "ይህ የተባረከ ነው" ብላ ነበር። ቀጥላ ጉሮሮዋን ጠርጋ፣ "በሙያዎ እንዴት ነዎት?" አለችው።

ኤሌክትሪሻኑ አንገቱን ደፋ። "እንደ ነገሩ ነው" አለ።

ጠረጴዛው ኳ ኳ አለ። "ተሳስተዋል፤ እንደገና ይመልሱ።"

"ያው... እንሞክራለን።"

እትዬ ሹምነቷን አውልቃ ጣለች። "እንሞክራለን? ኤሌክትሪክ ይሞከራል? አንተ ሰውዬ፣ የዚህን ፎቅ መብራት ማን ነው ያስተካከለው? እንደ ነገሩ ለሚሠራ ሰው ቋሚ ፈቃድ የሚሰጥ ማን አለ? 'በሙያዬ ጎበዝ ነኝ' በል።"

"እትዬ፣ ሰው እንዴት ስለ ራሱ እንዲህ ይላል? ሌላ ሰው ይበለው እንጂ።"

"ሌላ ሰው መስኮቱ ጋ የለም።"

እውነቷን ነው። ግን በእኛ ቤት ልጅ የሚያድገው ሲመሰገን አንገቱን እንዲደፋ ተደርጎ ነው፤ ጎበዝ ነኝ ያለ ልጅ ቀልብ የለውም ይባላል። ኤሌክትሪሻኑ ያንን ዓረፍተ ነገር ሥራ ቦታ ጣሪያ ሥር ተኝቶ ሽቦ እየጎተተ፣ አውቶቡስ ውስጥ፣ ሲላጭ መስታወት ፊት ይለማመደው ጀመር። በተናገረው ቁጥር ጆሮው ይግላል። በመጨረሻ በእውነተኛው መስኮት ሦስት ፊት ቀርቦ፣ ሁለት መዳፉን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ተንፍሶ፣ "በሙያዬ ጎበዝ ነኝ" ሲል፣ አግዳሚው ላይ የተቀመጠችው እትዬ እንደ አባወራ ራሷን ነቀነቀች። ቋሚ ፈቃዱ ሲመጣለት ሊያመሰግናት ወደ ወጥ ቤት ገባ።

"እሰይ" አለችው። "በል አሁን ወንበሩን ልቀቅ፤ ሹፌሩ ቆሟል።"

አጃቢነቷንም ሳላነሣ ባልፍ ግፍ ይሆንብኛል። የምትሠራው በሆቴሉ ምድር ቤት፣ በእንፋሎት ውስጥ፣ አንሶላ ስትተኩስ ነው። ታዲያ የእረፍት ቀኗን በሙሉ የምታጠፋው በዚያ መሥሪያ ቤት አግዳሚ ላይ ነው። ከቤት ሳይወጣ የሰውን ጫማ ትመረምራለች። የሹፌሩን ሽቶ ነጥቃ ሽንት ቤት ደፍታበታለች፤ "ሹሙን ታስነጥሰዋለህ" ብላ። ሞግዚቷ የለበሰችውን ሸሚዝ በሩ ላይ አስወልቃ ደግማ ተኩሳዋለች። በመጠበቂያው ግድግዳ ላይ "ያለ ፈቃድ በመኖሪያ ጉዳይ ምክር መስጠት በሕግ ያስቀጣል" የሚል ማስታወቂያ ተለጥፏል። ሹፌሩ በዚያ ባለፉ ቁጥር ይነካካታል።

"እትዬ፣ ይህ ስለ አንቺ ነው የተጻፈው።"

"እኔ መቼ ምክር ሰጥቼ አውቃለሁ" ትላለች፤ "እኔ ሰው ነው የምቆጣው።"

ይህን ሁሉ ስታደርግ የራሷ ፈቃድ ጊዜያዊ ነው። በየጊዜው ታሳድሰዋለች፤ ቋሚውን ግን ጠይቃ አታውቅም። የሚደፍር ሰው ከጠየቃት፣ "መጀመሪያ እነዚህ ይለቁኝ" ትላለች። ነገሩ እውነት ይመስል ነበር፤ የሚለቃትም አልነበረምና።

እሑድ አመሻሽ ላይ፣ ችሎቱ ሲበተን፣ ተረኛዋ ልጇ ናት። ልጅቷ አገር ቤት፣ በእትዬ እህት እጅ ነው ያደገችው። እናቷ ስትሄድ በእቅፍ የምትያዝ ነበረች፤ አሁን የአክስቷ ጫማ ልክ ይሆናታል። ቋሚ ፈቃድ ያለው ሰው ልጁን ማምጣት ይችላል፤ ጊዜያዊ ያለው አይችልም። ልጅ የሚባለው ደግሞ ለአካለ መጠን እስኪደርስ ብቻ ነው፤ ከዚያ ወዲያ በእናት ስም የሚገባ የለም። እትዬ ይህን ከማንም አሳምራ ታውቃለች። ስለዚህ ስልኩን ያቺው አጭር እግር ወንበር ላይ፣ የጨው ዕቃ አስደግፋ ታቆመውና ልጇን ታዘጋጃለች።

"ሙሉ ስምዎ?" ልጅቷ ትመልሳለች። "የሚመጡበት ምክንያት?"

"እናቴ እዚያ ስላለች።"

"እናትዎ ምን ዓይነት ፈቃድ አላት?"

"ጊዜያዊ።"

"ጥሩ። ድምፅሽን ከፍ አድርጊ።"

ኤሌክትሪሻኑ ይህን እየሰማ ምጣዱን ማጠብ ልማዱ ነበር። አንድ እሑድ የምድጃውን ሶኬት ፈትቶ እያየ ሳለ፣ ልጅቷ የለመደችውን መልስ መልሳ ስታበቃ ያልተጠየቀችውን ተናገረች።

"እማ፣ እኔን እንዲህ ስትጠይቂኝ አደግሁ። አንቺን ማን ጠይቆሽ ያውቃል?"

እትዬ ጉሮሮዋን ጠረገች። "በይ ደህና እደሪ፣ ካርዴ ሊያልቅ ነው" ብላ ዘጋችው። ካርዷ እንዳላለቀ ኤሌክትሪሻኑም ልጅቷም ያውቃሉ።

ኤሌክትሪሻኑ በሰው ጉዳይ ውስጥ የሚገባ ሰው አይደለም። ሶኬቱን ገጠመ፣ ብሎኑን አጠበቀ፣ ደግሞ ፈታው። በመጨረሻ ጀርባውን እንደሰጣት፣ "እትዬ፣ ልጅቷ እውነቷን እኮ ነው" አለ።

"አንተን ማን ጠየቀህ?"

"ማንም።"

ቀጥላ የተናገረችው በሹሙም በቁጣውም ድምፅ አልነበረም፤ ኤሌክትሪሻኑ ያንን ድምፅ ከእሷ ሰምቶ አያውቅም።

"እስካልጠየቅሁ ድረስ አልከለከሉኝም። ገባህ? እሷም እዚያ ሆና አንድ ቀን እሄዳለሁ ትላለች፣ እኔም አንድ ቀን አመጣታለሁ እላለሁ። አንድ ጊዜ 'አይሆንም' ካሉኝ ግን ምን ብዬ ነው የምደውልላት? ስልኩን ምን ብዬ ነው የማነሣው?"

ያቺ የሰውን ሁሉ ፍርሃት በማማሰያ ስታባርር የኖረች ሴት፣ የራሷን ማቀዝቀዣው ጀርባ ሸሽጋው ነበር። ኤሌክትሪሻኑ መፍቻውን አስቀምጦ ወንበሩን ሳበላት።

"ተቀመጪ" አላት።

ተቀመጠች። ወንበሩ ከእሷ ሥር እንደ ቅጠል ተንቀጠቀጠ።

ማን ሹም ይሁን የሚለው ግን አስቸገረ። ኤሌክትሪሻኑ ማቀዝቀዣውን ተደግፎ "ስምሽ ማነው?" ቢላት፣ "እንዲህ ተብሎ አይጠየቅም" ብላ ተነሥታ አሳየችው። ሹፌሩ ሲሞክር የልጇን ጤንነት ጠየቃት። ሞግዚቷ "ልጅ አለዎት?" ብላ ራሷ አለቀሰች። በየጥያቄው እትዬ ከአመልካቹ ወንበር እየተነሣች ወደ ሹሙ ቦታ ትሄዳለች፤ ሳምንታት አለፉ፣ አንድም ቀን ተጠይቃ ሳትመልስ። ማመልከቻው ግን ገባ። አንድ ቀን ቀጠሮው መጣ፤ ቀጠሮው ሲመጣ ደግሞ መስኮቱ ሦስተኛው ነበር።

አመልካች ቋሚ ፈቃድ ያለውና በቅርብ የሚያውቃት አንድ ምስክር ይዛ እንድትቀርብ ታዟል። ሹፌሩም ሞግዚቷም በተራቸው ቋሚውን አግኝተው ስለነበር ሁሉም እኔ ልሁን አለ። ሹፌሩ ሰላምታ ሲያበዛ ቀኑ ይመሽበታል፣ ሞግዚቷ ታለቅሳለች ተብሎ፣ ቁጥቡ ኤሌክትሪሻን ተመረጠ። "አንተ የተጠየቅኸውን ብቻ ትመልሳለህ" አለችው እትዬ። የራሷን ሸሚዝ ተኮሰች፣ የእሱን ነጥቃ ተኮሰች፣ ከሥራ አስፈቅዶ ሊያደርሳቸው የመጣውን ሹፌርም ሸሚዝ አስወልቃ ተኮሰች።

መስታወቱ ፊት ሁለት ወንበር ነበር። ሹሙ ወረቀቱን ገለጠና ጉሮሮውን ጠረገ። እትዬም ጠረገች። ሹሙ ቀና ብሎ አያት። ኤሌክትሪሻኑን ላብ አጠመቀው።

መጀመሪያ ላይ ሁሉም ደህና ሄደ። ሙሉ ስም፣ አድራሻ፣ ሥራ፣ አሠሪ፤ መዳፍ ጉልበት ላይ፣ ትንፋሽ፣ አጭር መልስ። ኤሌክትሪሻኑ የራሱ አስተማሪ ስትፈተን እንደሚያይ ተማሪ በኩራት ሊፈነዳ ደረሰ። ያን ጊዜ ሹሙ ገጽ ገለጠ።

"ከሥራዎ ውጪ፣ አብረዋቸው ለሚኖሩት ሰዎች የሚያደርጉት ነገር አለ?"

በወጥ ቤት ውስጥ ይህ ጥያቄ የእትዬ ተወዳጅ ጥያቄ ነበር። "እዚህ ጋ ዝም ያለ አለቀለት፤ አፍህን ሞልተህ ተናገር" እያለች ስንቱን አስጨንቃለች። አሁን ግን አንገቷን ደፋች። የእናቷ ቤት አስተዳደግ ከየት መጣ ሳይባል መጥቶ አንደበቷን ያዘው።

"ምንም የለም" አለች።

"ምንም?"

"አንሶላ እተኩሳለሁ። ቤቴ እገባለሁ።"

የሹሙ እስክሪብቶ ኳ ኳ አለ፤ ከዚያ መጻፍ ጀመረ። ኤሌክትሪሻኑ ዞሮ ሲያያት ፊቷ አመድ መስሏል። መሳሳቷን አውቃለች፤ ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም። ማስተካከል ግን አልቻለችም፤ እያንዳንዱ ቃል ራስን ማሞገስ ሆኖ ታያት። ልጇን በሁለት ቃል ስታጣት ኤሌክትሪሻኑ በዓይኑ አየ።

ሹሙ ወደ እሱ ዞረ። "እርስዎ ከየት ያውቋታል?"

የሚጠበቅበት "አንድ ቤት እንኖራለን" ማለት ብቻ ነበር። አፉን ለዚያው ከፈተ።

"አንድ ቤት እንኖራለን" አለ፤ አፉ ግን አልዘጋ አለ። "ግን ምንም አላደርግም ያለችው ውሸቷን ነው ጌታዬ። በዕድሜዋ የዋሸችው ዛሬ ብቻ ነው። እኔን እዚህ ያስቀመጠችኝ እሷ ናት። 'ጎበዝ ነኝ' ማለት አልችልም ነበር፤ ራሴን እንድናገር ያስተማረችኝ ሰው ራሷን መናገር ሲያቅታት ዝም ብዬ ማየት አልችልም። ሹፌሩን ታውቁታላችሁ፤ ስሙን ከተናገረ በኋላ ከንፈሩ የሚንቀሳቀሰው..."

እትዬ ከጠረጴዛው በታች ቁርጭምጭሚቱን በጫማዋ መታችው። ኤሌክትሪሻኑ ቀጠለ። ስለ ሞግዚቷና ስለ ሽንኩርቱ ተናገረ፤ ስለ ሳህን አጣቢው ተናገረ፤ ስለ እሑድ፣ ስለ ተተኮሱ ሸሚዞች፣ ስለ አጭሩ የወንበር እግር ተናገረ። በሕይወቱ ያጠራቀመውን ንግግር ሁሉ በዚያ መስታወት ላይ ደፋው። እትዬ ደግማ መታችው፣ ሠለሰች፤ በመጨረሻ ያለችበትን ረስታ፣ በእኛው ቋንቋ፣ በማማሰያው ድምፅ ጮኸች።

"የተጠየቅኸውን ብቻ መልስ!"

አግዳሚው ላይ ያለው ሰው ሁሉ ዞሮ አያቸው።

"ምን አለች?" አለ ሹሙ።

ኤሌክትሪሻኑ ተረጎመ። "የተጠየቅኸውን ብቻ መልስ ነው ያለችኝ።"

የኤሌክትሪሻኑ ዓይን በዚያች ቅጽበት ያረፈው የት እንደሆነ ልንገራችሁ? ያለ ፈቃድ ምክር መስጠት ያስቀጣል የሚለው ማስታወቂያ ላይ። እጁን በአፉ ጫነ። ሊያድናት ብሎ በገዛ አንደበቱ አስይዟታል።

ሹሙ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ከወንበሩ ትንሽ ወደ ኋላ አለ፤ ሁለት መዳፉን ጉልበቱ ላይ አደረገ፣ ወገቡን ቀጥ አደረገ፣ አንድ ረጅም ትንፋሽ ሳበ።

"እንዲህ ነው የሚያስተምሯቸው?" አላት።

እትዬ "አዎ" አለች።

"ስንት ዓመት ሙሉ የአገራችሁ ባህል መስሎኝ ነበር" አለ ሹሙ።

ሪዙ ትንሽ ተንቀሳቀሰ። ሳቅ ይሁን ቁጣ ኤሌክትሪሻኑ አልለየውም። ሹሙ "ታስከፍላቸዋለች?" ብሎ ጠየቀው፤ ኤሌክትሪሻኑ "ኧረ በፍጹም" ብሎ ዝም አለ፤ ዘግይቶም ቢሆን ትምህርቱ ገብቶታል። ሹሙ ብዙ ጻፈ። ወረቀቱን አጣጥፎ "እናሳውቃለን፤ መሄድ ትችላላችሁ" አላቸው።

ከዚያ ወዲያ እትዬ አኮረፈችው። ሲያልፍ ታልፋለች፣ ሰላም ሲላት ለማቀዝቀዣው ትመልሳለች። እሑድ መጣ፣ ችሎት የለም። ሰዎች መጥተው ወንበሩን አይተው ተመለሱ። ስልኩ ሲጮህ ከልጅቷ ጋር አጭር ነገር ታወራና ጥያቄ ሳትጠይቃት ትዘጋለች። ኤሌክትሪሻኑ ቤቱ አስጠላው። ያ የሚያሰለቸው ጩኸት፣ ያ ኳ ኳ፣ ያ "እንደገና ይመልሱ" ቤቱን ቤት ያደረገው ነገር እንደነበር የገባው ያን ጊዜ ነው። ሌላ ክፍል ልፈልግ ይሆን ብሎም አሰበ፤ ዓይኗን ማየት ከበደው።

አንድ እሑድ ከሥራ ዘግይታ ገባች። ኮቷን ሳታወልቅ ወደ ወጥ ቤት መጣች። ኤሌክትሪሻኑ ምጣድ እያጠበ ነበር፤ ሊወጣላት ሲል "ሥራህን ሥራ" አለችው። ወንበሩን ሳበች፣ ስልኩን የጨው ዕቃ አስደግፋ አቆመችው፣ ማቀዝቀዣውን ተደግፋ ተሰየመች። ልጅቷ ስልኩን አነሣች።

እትዬ ጉሮሮዋን ጠረገች። "ሙሉ ስምዎ?"

"ወይ እማ። ደግሞ ጀመርን?" አለች ልጅቷ፤ ግን መለሰች።

"የሚመጡበት ምክንያት?"

"እናቴ እዚያ ስላለች።"

"እናትዎ ምን ዓይነት ፈቃድ አላት?"

"ጊዜያዊ" አለች ልጅቷ፣ እያዛጋች።

ጠረጴዛው ኳ ኳ አለ።

"ተሳስተሻል" አለች እትዬ። "እንደገና መልሺ።"

ኤሌክትሪሻኑ ውሃውን ዘጋው። ከስልኩ የሚመጣው የልጅቷ ትንፋሽ ብቻ ነበር። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ ፈርቶ የመጣ አንድ ቃል ተሰማ።

"ቋሚ?"

እትዬ ልትመልስ አፏን ከፈተች፤ ምንም አልወጣም። ጉሮሮዋን ጠረገች፣ አሁንም አልወጣም። ራሷን ነቀነቀች፤ ደጋግማ ነቀነቀች፤ እንባዋ በኮቷ ኮሌታ ላይ ይወርዳል። ራስ መነቅነቅ ደግሞ በስልክ አይሰማም።

"እማ? ቋሚ ነው ያልሽው? እማዬ?"

ኤሌክትሪሻኑ እጁን እንኳ ሳይጠርግ ወደ ወንበሩ አጎነበሰ።

"ትክክል ነው" አለ። "ቋሚ ነው። ተዘጋጂ።"

እትዬ ክርኑን በሁለት እጇ ጨምድዳ ይዛ፣ በሳግ መሃል፣ ድምፅዋን አገኘችው።

"አንተን ማን ጠየቀህ?" አለችው። ክርኑን ግን አልለቀቀችም።